የሸርጣን አጥማጆች ቤት ወቅቱ ሲቃረብ

(ለከተማው ነዋሪዎችና ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በኢትዮጵያ ደጋ የሚኖር ገበሬ የነሐሴን ወር ጠባይ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ጎተራው ተሟጦ፣ ማሳው ገና አረንጓዴ ሆኖ፣ ቤተ ሰቡ ከጎረቤት እየተበደረ የሚበላበት ወር ነው። ተስፋው በዓይን ይታያል፤ ነገር ግን አይበላም። ከዚህ እጅግ ርቆ፣ በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ጠረፍ ላይ፣ ሞፈርና ቀንበር ይዞ የማያውቅ ሕዝብ ይኖራል፤ እርሱም የራሱን ነሐሴ በኅዳር ወር ያገኘዋል። ይህ ሕዝብ ኑሮውን በሸርጣን ማጥመድ ላይ የመሠረተ ነው።

ሸርጣን የሚለው ቃል ሲነሣ ፈገግ የሚል አድማጭ ሊኖር ይችላል። በኦሪት ሕግ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ ፍጥረት ሁሉ እንዳይበላ ስለተከለከለ፣ በደጋው ክርስቲያን ማዕድ ላይ ሸርጣን አይቀርብም፤ ብዙ ሰው መልኩን የሚያውቀው በባሕር ዳር ሲሄድ ወይም በሥዕል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የዛሬው ንግግር ስለ ምግቡ ጣዕም አይደለም። ስለሚያጠምዱት ሰዎች፣ ይልቁንም በሩ ከመከፈቱ በፊት ባሉት ሳምንታት በቤታቸው ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ነው።

ይህ የሸርጣን ዓይነት በአገሩ ዳንጀነስ ይባላል፤ ስሙንም ያገኘው በዋሺንግተን ግዛት ካለች አንዲት ትንሽ የባሕር ዳር ስፍራ ነው። ከአላስካ እስከ ካሊፎርኒያ በተዘረጋው ጠረፍ፣ አሸዋማ በሆነው የባሕር ወለል ላይ ይኖራል። እንደ ጋሻ የጠነከረውን ልብሱን በየጊዜው እያወለቀ ያድጋል። ወንዱ አብዛኛውን ጊዜ በበጋቸው ወራት ይህን ልብስ ሲያወልቅ፣ አዲሱ ቅርፊት ለስላሳ፣ ሥጋውም ውሃ የበዛበት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ወራት እየበላ ይሞላል፣ ይጠነክራልም። ወቅቱ በክረምታቸው መግቢያ እንዲከፈት የተደረገበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። በኦሪገን ግዛት የተወሰነው ቀን እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 1፣ በእኛ ኅዳር 22 ሲሆን፣ የሚዘጋውም በነሐሴ መጀመሪያ ሳምንት አካባቢ ነው።

ሕጉ አጭር ነው። ሴቲቱ አትያዝም፤ ብትያዝም ወዲያው ወደ ባሕር ትመለሳለች። ወንዱም የጀርባው ስፋት 6 ኢንች ከሩብ፣ ማለት ወደ 16 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ካልሆነ ይለቀቃል። እዚህ ልክ ለመድረስ አራት ዓመት ያህል ስለሚፈጅበት፣ ከመያዙ በፊት ዘር ለመተካት ጊዜ ያገኛል። ልኩን ለማወቅ አንዲት ከብረት የተቆረጠች መለኪያ በቂ ናት፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እንኳ ሊለካባት ይችላል። ብዙ ገጽ ያላቸው ደንቦች በሚጻፉበት ዘመን፣ ወንድ፣ ትልቅ፣ በወቅቱ የሚሉት እነዚህ ሦስት ቃላት አንድን ሀብት ከመቶ ዓመት በላይ ሳይጠፋ ማቆየታቸው ደንብ ለሚያረቁ ሰዎች የሚያስደንቅ ነገር ነው።

በኦሪገን ጠረፍ መካከል፣ ያኪና በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ዳር፣ ኒውፖርት የምትባል ከተማ አለች። ነዋሪዋ አሥር ሺህ ያህል ነው። በዚህች ከተማ የሚኖር አንድ አጥማጅ ቤተ ሰብ በምሳሌ እንመልከት። አባትየው አሥራ አምስት ሜትር የሚያህል ጀልባና 300 ወጥመድ ለመጣል የሚያስችል ፈቃድ አለው። በዚያ ግዛት ማንም እንደ ፈለገ ወጥመድ አይጥልም፤ ከ1995 ጀምሮ የፈቃዱ ቁጥር ተወስኗል፣ ከ2006 ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ ፈቃድ 200፣ 300 ወይም 500 ወጥመድ ተብሎ ተመድቧል። ስለዚህ ፈቃዱ ራሱ እንደ ርስት የሚሸጥና የሚወረስ ነገር ሆኗል። ወጣት ሆኖ ሥራውን ሊጀምር የሚፈልግ ሰው ከጀልባው ዋጋ በፊት የፈቃዱ ዋጋ ያስደነግጠዋል። ይህ ደንብ ባሕሩን ጠቅሟል፤ ለድኃ ልጅ ግን በሩን አጥብቦበታል፤ ሁለቱም እውነት ነው።

መስከረም ካለፈ በኋላ የዚህ ቤት ግቢ መልኩ ይለወጣል። ወጥመዶቹ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው እንደ ክምር ይቆማሉ። አንዱ ወጥመድ ክብ ሲሆን፣ ስፋቱ ወደ አንድ ሜትር፣ ክብደቱም አርባ ኪሎ ገደማ ነው። አጽሙ ብረት ነው፤ ብረቱ በጨው እንዳይበላ በጎማ ጥብጣብ ይጠቀለላል፤ በላዩም ዝገት የማይነካው ሽቦ እንደ መረብ ይጠለፋል። ሸርጣኑ የሚገባበት በር ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አይከፈትም። ትንንሾቹ የሚያመልጡባቸው ክብ ቀዳዳዎች በሕግ የታዘዙ ናቸው። ከዚህ ሌላ፣ ክዳኑ ከሚታሰርበት ስፍራ አንዲት የጥጥ ገመድ መኖር አለባት። ይህች ገመድ የተናቀች ትመስላለች፤ ሥራዋ ግን ትልቅ ነው። ወጥመዱ በማዕበል ጠፍቶ በባሕር ወለል ላይ ቢቀር፣ ጥጡ በጊዜ ብዛት በስብሶ ይበጠሳል፣ ክዳኑም ይከፈታል፤ የተያዘውም ፍጥረት ይወጣል። ያለዚያ የጠፋው ወጥመድ ባለቤት ሳይኖረው ለዓመታት እያጠመደ ይገድል ነበር።

እንግዲህ በጥቅምት ወር አባትየው ከሁለት ሠራተኞቹ ጋር ሆኖ እነዚህን 300 ወጥመዶች አንድ በአንድ ይገለብጣል። የተበጠሰውን ሽቦ ይጠግናል፣ ጎማውን ይጠቀልላል፣ የጥጡን ገመድ ይለውጣል። እያንዳንዱ ወጥመድ ጥልቀቱን የሚደርስ ረጅም ገመድ ያስፈልገዋል፤ በገመዱ ጫፍም በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ምልክት ይታሰራል። የዚህ ምልክት ቀለም በመንግሥት መዝገብ የተጻፈ ነው፤ አንዱ ቢጫና ጥቁር፣ ሌላው ቀይና ነጭ ይሆናል፤ የሌላውን ቀለም መቀባት አይፈቀድም። በደጋው አገር የከብት ጆሮ ተበጥቶ እንደሚታወቅ ሁሉ፣ በዚያ ባሕር ላይም ሰው ንብረቱን ከሩቅ በቀለሙ ይለያል።

ቀለም መቀባት የልጆች ሥራ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ ዝናቡ በጣሪያው ላይ እየወረደ፣ በጋራዡ ውስጥ ተቀምጠው ምልክቶቹን ይቀባሉ። እጃቸው እስከ ገና ድረስ ቀለም አይለቀውም። በዚያ ከተማ ያሉ መምህራን የየትኛው ልጅ አባት የየትኛው ጀልባ ባለቤት እንደ ሆነ በጣቶቹ ቢያውቁ አያስገርምም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ የነገሩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነውና። ከገመዱና ከተንሳፋፊው ጋር የተሟላ አንድ አዲስ ወጥመድ ከሁለት መቶ ዶላር በላይ ያወጣል። በየዓመቱ የተወሰነው ስለሚጠፋ መተካት አለበት። ለመሳቢያ የሚሆነው ምግብ፣ ማለት ሰርዲን፣ ሄሪንግና ስኩዊድ የሚባሉት የባሕር ፍጥረቶች፣ በብዙ ሣጥን ቀዝቅዞ ይገዛል። ነዳጅ አለ፣ የመድን ክፍያ አለ፣ የጀልባው ሞተር ጥገና አለ። ይህ ሁሉ ወጪ የሚወጣው አንዲት ሸርጣን ከመያዟ በፊት ነው። ገቢው ደግሞ በጠቅላላው ወቅት ላይ ተስተካክሎ የሚመጣ አይደለም፤ ከዓመቱ ምርት አብዛኛው፣ ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል፣ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት ውስጥ ይያዛል። እንግዲህ ቤቱ አሥር ወር የሚኖረው በሁለት ወር ነው ማለት ይቻላል።

ሂሳቡን የምትይዘው ሚስቲቱ ናት። ባልዋ የባሕሩን ጥልቀት እንደሚያውቅ፣ እርስዋ የባንኩን ልብ ታውቃለች። በጥቅምት መጨረሻ ማታ ማታ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ተቀምጣ ደረሰኞቹን በሦስት ትከፍላቸዋለች፤ ዛሬ የሚከፈል፣ ሸርጣን ሲመጣ የሚከፈል፣ እንዲሁም ባለቤቱ ደጅ ድረስ መጥቶ እስኪጠይቅ የሚቆይ። የመሣሪያ ሻጩና የምግብ መደብሩ በዱቤ ይሰጣሉ፤ እነርሱም ይህን የሚያደርጉት በቸርነት ብቻ ሳይሆን፣ ከተማው ሁሉ ገንዘብ የሚያገኘው ጀልባዎቹ ሲመለሱ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው። ሠራተኞቹም ደመወዝ የላቸውም። የነዳጁና የመሳቢያው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ከምርቱ ድርሻ ይወስዳሉ፤ ወቅቱ በዘገየ ቁጥር የእነርሱ ቤት ቀድሞ ይራባል። በግቢው ውስጥ ወጥመድ ሲጠግኑ የሚውሉት ብዙ ጊዜ ያለ ክፍያ፣ የሚመጣውን ድርሻ ተስፋ አድርገው ነው።

በኅዳር አጋማሽ ዓይን ሁሉ ወደ መንግሥት ሠራተኞች ይዞራል። ከጠረፉ ልዩ ልዩ ቦታ ለናሙና ሸርጣን ተይዞ ይቀቀላል፤ ሥጋውም ከቅርፊቱ ወጥቶ ይመዘናል። ሥጋው ከጠቅላላው ክብደት ሩብ ያህል ካልሆነ ወቅቱ ለሁለት ሳምንት ወይም ለአንድ ወር ይተላለፋል። ሁለተኛው ምርመራ የመርዝ ነው። በዓይን የማይታዩ የባሕር እጽዋት አንዳንድ ጊዜ ዶሞይክ አሲድ የሚባል መርዝ ያወጣሉ፤ ሸርጣኑ ይህን የበሉትን ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረቶች በልቶ መርዙን ይይዛል፤ ሰውንም ሊያሳምም፣ ሊገድልም ይችላል። በ2015 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ባሕሩ ያለ ልማዱ ሞቆ ይህ መርዝ በጠረፉ ሁሉ ስለ በዛ፣ የኦሪገን ወቅት እስከ ጃንዋሪ 2016 መጀመሪያ ተላለፈ። በካሊፎርኒያ ግን የመካከለኛው ጠረፍ አጥማጆች ከኅዳር መጀመሪያ እስከ መጋቢት አጋማሽ ወጥመዳቸውን በግቢ ከምረው ተቀመጡ። የፌዴራሉ መንግሥት ነገሩን እንደ አደጋ ቈጥሮ ያወጀው በ2017 ሲሆን፣ የእርዳታው ገንዘብ የደረሰው ከዚያም ዘግይቶ ነው። የቤት ኪራይ ግን እንደዚያ አይጠብቅም።

በካሊፎርኒያ ሌላም ነገር ተጨምሯል። ዓሣ ነባሪዎች በወጥመዱ ገመድ እየተጠላለፉ በመጎዳታቸው፣ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር በ2017 የግዛቱን መንግሥት ከሶ፣ በ2019 ስምምነት ተደረገ። ከዚያ ወዲህ እንስሶቹ ወደ ደቡብ ተሰድደው እስኪያልፉ ድረስ መክፈቻው በተደጋጋሚ ዘግይቷል፤ የምስጋና በዓልና የገና ገበያም አምልጧል። አጥማጆቹ ዓሣ ነባሪውን አይጠሉም፤ ብዙዎቹም ገመድ ለመቍረጥ በሚደረገው ሥራ ይረዳሉ። የሚያስጨንቃቸው ቀኑን አለማወቅ ነው። ገበሬ ዝናቡ ቢዘገይ ወደ ሰማይ ያያል፤ እነርሱ ግን ወደ ቢሮ ማስታወቂያ ያያሉ።

ሥጋው ሞልቶ፣ መርዙም ጠፍቶ ቢገኝ እንኳ ገና ዋጋው አልተወሰነም። ጥቂት ትላልቅ ገዢዎች ባሉበት ጠረፍ፣ አንድ ብቸኛ አጥማጅ ሊከራከራቸው አይችልም። በኦሪገን ስለዚህ የግዛቱ የእርሻ መሥሪያ ቤት በመካከል ተቀምጦ፣ አጥማጆችና ገዢዎች በሕግ ጥላ ሥር እንዲደራደሩ ያደርጋል። ስምምነት ሲጠፋ ጀልባዎቹ ታስረው ይቆማሉ። በ2016 መጨረሻ ገዢዎቹ የአንዱን ፓውንድ ዋጋ ከ3 ዶላር ወደ 2 ዶላር ከ75 ሳንቲም ባወረዱት ጊዜ፣ ከካሊፎርኒያ እስከ ዋሺንግተን ያሉ አጥማጆች ለአሥር ቀን ያህል ከወደብ አልወጡም፤ በመጨረሻም በሁለቱ መካከል ባለው ዋጋ ተስማሙ። ለማያውቅ ሰው የሃያ አምስት ሳንቲም ጉዳይ ቀላል ይመስለዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሃምሳ ሺህ ፓውንድ ለሚያወርድ ጀልባ ግን 12,500 ዶላር ነው፤ ይህም የጀልባውን ባለቤት፣ የሁለት ሠራተኞችን ድርሻና የዱቤ ሻጩን ደብተር ይነካል። በእነዚያ አሥር ቀናት ከሁሉ የሚከብደው የሚስቶች ዝምታ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ውጡ ለማለትም፣ ቆዩ ለማለትም የሚደፍር አልነበረምና።

ወቅቱ የሚከፈትበት ሥርዓት ግን ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ሁሉም ጀልባ በአንድ ሰዓት ይጀምራል። ወጥመዶቹ ከመክፈቻው ሦስት ቀን ያህል ቀድመው በባሕር እንዲጣሉ ይፈቀዳል፤ ማንሣት ግን ከተወሰነው ሰዓት በፊት ክልክል ነው። ይህ ለፍትሕ የተደረገ ነው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዳይቀድም። ነገር ግን አንድ ክፉ ፍሬ አለው። መጀመሪያ የወጣ ብዙውን ስለሚይዝ፣ አየሩ ሲከፋ በወደብ የሚቀር ሰው ያጣል፤ ትንሹ ጀልባም ትልቁን ተከትሎ ይወጣል። ደንቡ በወረቀት ላይ ለሁሉ እኩል ነው፤ ማዕበሉ ግን ሃያ አምስት ሜትር ለሆነው ጀልባና አሥራ ሁለት ሜትር ለሆነው እኩል አይደለም። በዚያ የሚኖሩ ሰዎችም ይህን አይስቱትም፤ የተሻለ ሥርዓት ግን እስካሁን አልተስማሙበትም።

በኒውፖርት የሚፈራው ጥልቁ ባሕር አይደለም፤ የወደቡ አፍ ነው። የያኪና ወሽመጥ ከውቅያኖሱ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ፣ በሁለት የድንጋይ ግድቦች መካከል፣ አሸዋ በሥር ተከምሮ ውሃው ይሳሳል። የወሽመጡ ውሃ ወደ ባሕር በሚፈስስበት ሰዓት ከውጭ ከሚመጣው ሞገድ ጋር ሲጋጠም፣ ማዕበሉ ቀጥ ብሎ ይቆምና ይሰበራል። አጥማጁ ወደ ባሕር ለመሄድም፣ ቤቱ ለመግባትም በዚህ በር ማለፍ አለበት። በ2019 ወቅቱ በተከፈተ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ጃንዋሪ 8 ቀን ሌሊት፣ በእኛ የልደት በዓል ማግስት፣ ሜሪ ቢ ሁለተኛ የተባለች የሸርጣን ጀልባ ወደ ወደቡ ስትመለስ በዚሁ አፍ ላይ ተገለበጠች። የጠረፍ ጠባቂው የነፍስ አድን ጀልባ በአቅራቢያዋ ነበር። በውስጧ የነበሩት ሦስቱም ሰዎች ሞቱ። ከባሕር ተመልሰው፣ የከተማውን መብራት እያዩ ነው የሞቱት።

ይህን ስለሚያውቁ የአጥማጆቹ ሚስቶች በኒውፖርት የራሳቸውን ማኅበር አቁመዋል። ማኅበሩ ከኛ አገር ዕድር ጋር ብዙ ይመሳሰላል። ሰው በባሕር ሲቀር ለቤተ ሰቡ ገንዘብ ይሰበስባል፣ ምግብ ያደርሳል፣ ሐዘንተኛዋን ብቻዋን አይተዋትም። በባሕር የጠፉት ሰዎች ስም የተጻፈበት መታሰቢያም በወሽመጡ አፍ ካለው ኰረብታ ላይ ቆሟል። ይሁን እንጂ ሥራቸው በልቅሶ አያበቃም። በ1985 አንድ የማጥመጃ ጀልባ ሰጥሞ፣ ሰዎቹ በቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ እርዳታ ሳይደርስላቸው ካለቁ በኋላ፣ ሴቶቹ ባደረጉት ጥረት በ1987 የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር በኒውፖርት እንዲቀመጥ ተደረገ። በ2014 መንግሥት ወጪ ለመቀነስ ሲል ጣቢያውን ሊዘጋ ባሰበ ጊዜ፣ እነዚሁ ሴቶች ከአውራጃው አስተዳደር ጋር ሆነው ፍርድ ቤት ቆሙ፤ የአሜሪካ ምክር ቤትም መዝጊያውን የሚያዘገይ ሕግ አወጣ፣ ሄሊኮፕተሩም በቦታው ቀረ። ክርክራቸው በስሜት ብቻ የተሞላ አልነበረም። ከሌላው ጣቢያ ተነሥቶ ለመድረስ የሚፈጀውን ደቂቃና፣ በዚያ ቅዝቃዜ ሰው በውሃ ውስጥ ሊቆይ የሚችለውን ደቂቃ ጎን ለጎን አድርገው ለዳኞች አቀረቡ። የማኅበር አቤቱታ የሚቀበሉ ሹማምንት ይህን አቀራረብ ልብ ቢሉት መልካም ነው፤ አቤቱታ አቅራቢዎችም እንዲሁ።

ሥራው በሞላበት ዓመት የሚያስገኘው ሀብት ትንሽ አይደለም። በ2021 መጨረሻ በተከፈተው ወቅት የኦሪገን አጥማጆች ያወረዱት ሸርጣን ከ90 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚሆን ግን ማንም አይምልም፤ የሸርጣኑ ቁጥር አንዱን ዓመት እጥፍ፣ ሌላውን ዓመት ግማሽ ይሆናልና።

እንግዲህ ምርመራው አልፎ፣ ዋጋውም ተወስኖ፣ የመጣያው ቀን ደረሰ እንበል። ወጥመዶቹ በጭነት መኪና ወደ ወደብ ይወርዳሉ። በመርከቡ ወለል ላይ እንደ ግንብ ይደረደራሉ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይጫን ሁለት ሦስት ጉዞ ይደረጋል። ይህ ጉዞ ከሁሉ የሚያስፈራው ነው፤ አርባ ኪሎ የሚመዝኑ መቶ ወጥመዶች በላይዋ የተከመሩባት ጀልባ ራስዋ ትከብዳለችና። አባትየው ሌሊቱን አይተኛም፤ የአየሩን ማስታወቂያ ይሰማል፣ የሞገዱን ከፍታና በሁለቱ ሞገዶች መካከል ያለውን ሰከንድ ይቆጥራል፣ የወሽመጡ ውሃ የሚመለስበትን ሰዓት ይመለከታል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጁ ዘንድሮ አብሮት እንዲሄድ ለምኗል። እናትየዋ እሺም እንቢም አላለችም፤ የልጁን የቀዝቃዛ ውሃ ልብስ ግን አውጥታ መቆለፊያው መሥራቱን ሁለት ጊዜ ሞክራዋለች። አባትየውም ይህን አይቶ፣ «በሚመጣው ዓመት» ብሎ ልጁን አስቀረው።

ጎሕ ሳይቀድ ጀልባዋ ገመዷን ፈታች። እናትና ልጅ መኪናቸውን ይዘው ወደ ደቡቡ የድንጋይ ግድብ ሄዱ፤ እዚያም የሌሎች አጥማጆች ቤተ ሰቦች መኪኖች መብራታቸውን አጥፍተው ቆመው ነበር። ማንም ከመኪናው አልወረደም። ጀልባዎቹ አንድ በአንድ፣ አረንጓዴና ቀይ መብራታቸው ወደ ላይና ወደ ታች እያለ፣ በወደቡ አፍ አለፉ። ሴቲቱ የባልዋን ጀልባ የምታውቀው ከምሰሶው ላይ ባለችው በአንዲት ወደ ግራ ባዘነበለች መብራት ነው፤ በበጋው እንዲያቃናት ብዙ ጊዜ ነግራው ነበር። መብራቷ ከሰበሩ ማዕበል በስተ ጀርባ ጠፍታ፣ ታየች፣ ጠፍታም ታየች፤ ከዚያም ወደ ሰሜን ታጠፈች። ልጁ ሬዲዮኑን ከፈተ። የአባቱ ድምፅ ማለፋቸውን ለሚከተለው ጀልባ ሲናገር ተሰማ። ከቤት ሲመለሱ ልጁ ለትምህርት ቤት ለበሰ፤ እናትየዋም ሬዲዮኑን በመስኮቱ ላይ እንደ ተከፈተ ትታ፣ ለመሳቢያው ሻጭ የምትከፍለውን ቼክ ቀኑን ሳትጽፍ ፈረመችው።